ለአሉሚኒየም የማይሆን ቀለም

ስለዚያ ቀለም ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በቀለም የሚናደድ ሰው አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ስሙኝና ፍረዱ። ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የቀለም መደብር ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ፣ ቀለም ስበጠብጥ፣ ስመክርና ስሸጥ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ለእንጨቱ ይህ ነው፣ ለብረቱ ያ ነው፣ እርጥበት ለሚበዛበት ግድግዳ ያንን ውሰድ ስል የምውል ሰው ነኝ። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ለገዛ ጀልባው የማይሆነውን ቀለም በገዛ እጁ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ በገዛ እጁ የቀባው። ባላውቅ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን አውቅ ነበር።

ጀልባዋ አሥራ አራት ፉት ርዝመት ያላት፣ ቀለም ነክቷት የማያውቅ የአሉሚኒየም ዓሣ ማጥመጃ ነበረች። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከዋሽንግተን ወንዙን ተሻግሮ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከሚኖር አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ነው የገዛኋት። ከኋላዋ ትንሽ ሞተር፣ በውስጧ ሦስት አግዳሚ መቀመጫ፣ ሌላ ምንም የላትም። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ የገዛሁት ዕቃ ሁሉ ለሌላ ሰው የተገዛ ነበር። መኪናው ለሥራ ነው፤ ሶፋው ለእንግዳ ነው፤ ጥቁሩ ሱፍ ለለቅሶና ለሠርግ ነው። ጀልባዋ ብቻ የኔ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ከመኪናዬ ጀርባ ጎትቻት፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ አሌክሳንድሪያ ወርጄ ወንዙ ላይ ስለቃት፣ ለተወሰነ ሰዓት ማንም አያዘኝም፤ ማንም "አንተ፣ እስቲ ና" አይለኝም። ባለቤቴ "ሱፐርማርኬቱ ዓሣ ሞልቶት የለም እንዴ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅ። ዓሣው ሰበብ ነበር።

አማቴ ሲመጡ ያ ሁሉ አበቃ።

አማቴ የባለቤቴ አባት ናቸው። ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ ልጃቸው አስመጥታቸው ከኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ረጅም፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ተቀምጠው እንኳ ቆመው የሚያዙ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛቸው "ቴንኪው" እና "ኖ ፕሮብሌም" ላይ ያበቃል። ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ በአንድ ፓርኪንግ በር ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቀበሉ ነበር። አገር ቤት ግን ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለዋል። ምን ሲሠሩ እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም። እንደመጡ ሰሞን አንድ ለቅሶ ቤት አብረን ሄድን። ሰዉ ማን ናቸው ብሎ ሲጠይቀኝ "የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ምፅዋ ላይ መርከብ ሲያዙ የነበሩ" አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም። ፓርኪንግ ይሠራሉ ማለት ከብዶኝ ነው። አጠገቤ ነበሩ፤ ሰምተው አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። በሳምንቱ ከአዳምስ ሞርጋን የሐበሻ ምግብ ቤቶች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ "ካፒቴን" ሆነው ቀሩ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ፣ ስሙ ሲያንገበግበኝ የኖርኩትም እኔ።

ካፒቴን ጀልባዬ ላይ ወጡ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ከፊት ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው፣ "ቀኝ ያዝ"፣ "ቀስ በል"፣ "ማዕበሉን በአፍንጫዋ ተቀበለው" ይሉኛል። የምን ማዕበል? ሌላ ጀልባ ሲያልፍ የሚነሳ ሞገድ ነው። ከዚያ ደግሞ የዓሣው ጣጣ አለ። ወንዙ ውስጥ የሚበዛው አምባዛ ነው። ክንድ የሚያህል አምባዛ፣ ጢሙን አንጠልጥሎ፣ ጉልበቴን ጨርሶ ከውኃ ሲወጣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ያዩትና "ቅርፊት የለውም፤ መልሰው" ይላሉ። ቅርፊትና ክንፍ የሌለው እንደማይበላ እኔም አውቃለሁ፤ እናቴም ያሳደገችኝ በዚያው ሥርዓት ነው። አልበላውም! ግን እስቲ አንድ ደቂቃ ልያዘው፣ ልመዝነው፣ ደስ ይበለኝ! "እሺ አባባ" እላለሁ፤ እመልሰዋለሁ። በገዛ ጀልባዬ ላይ ተሳፋሪ ሆንኩ። ጥርሴን ነክሼ ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

እስከዚያ ድረስ ጀልባዋ ቀለም አያስፈልጋትም ነበር። ውኃ ላይ ውላ ወደ ቤት የምትመለስ ጀልባ ሆዷ ንጹሕ ነው። በኋላ ግን የአፓርትመንታችን ማናጀር ፓርኪንጉ ላይ ጀልባ የሚጎተትበት ትሬይለር ማቆም ከለከለን፤ አሌክሳንድሪያ ማሪና በሚሉት የጀልባ ማቆሚያ ቦታ ተከራይቼ የሙቀቱን ወራት በሙሉ ውኃ ላይ ልተዋት ግድ ሆነ። ውኃ ላይ የሚከርም ጀልባ ደግሞ ከሥሩ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይይዘዋል፤ ጥቃቅን ቀንድ አውጣም ይለጠፍበታል። ያንን የሚከላከል መርዝነት ያለው ቀለም አለ። በዚያን ጊዜ በብዛት የሚሸጠው መዳብ ያለበት ነበር፤ ዱቄት የሆነ መዳብ ውስጡ ተበጥብጧል፤ መልኩ የሸክላ ቀይ ነው።

መዳብ ለእንጨት ጀልባና ለፋይበርግላስ ደግ ነው። ለአሉሚኒየም ግን ደመኛው ነው። ሁለቱ ውኃ ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ መዳቡ ደህና ይቀመጣል፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። መጀመሪያ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ከዚያ ቀዳዳ ነው። ለአሉሚኒየም የሚደረገው ሌላ ነው። ብረቱ በደንብ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ቢጫ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፕራይመር የሚሉት የሥር ቀለም ይቀባል፣ በላዩ መዳብ የሌለበት ቀለም ይሄዳል። ይህን ያስተማረኝ መደብሩ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን በጀልባ ላይ ያሳለፈ ሰው ነበር። እሱ ባያስተምረኝም ቀዩ ጣሳ ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ አሉሚኒየም ላይ አይቀባም።

በመጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማቴ ቀለም ለመምረጥ ወደ መደብሩ መጡ። ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸውን አስከትለዋል።

"ካፒቴን ጀልባቸውን ሊያስቀቡ ነው አሉ" አለኝ አንደኛው እየሳቀ።

ጀልባቸውን! ዋጥኩት። ቢጫውን ፕራይመርና ለላዩ የሚሆን ግራጫ ቀለም አስቀድሜ ባንኮኒው ላይ አውጥቼ ነበር። አማቴ አላዩትም። የጀልባ ቀለሞች ያሉበት መደርደሪያ ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና ቀዩን ጣሳ በጣታቸው ነኩ።

"ይሄ ነው" አሉ። "የመርከብ ሆድ ቀይ ነው። ምፅዋ ለጥገና ሲወጡ ሁሉም ቀይ ነበሩ።"

"ካፒቴን ካሉ አለቀ!" አለ ሁለተኛው ወዳጃቸው።

አፌን ከፍቼ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ከፍቼ ነበር። "አባባ፣ እነዚያ መርከቦች ብረት ናቸው፤ ይቺ አሉሚኒየም ናት" ማለት ነው፣ በቃ። በዚህ መሀል ሽማግሌው የሥራ ባልደረባዬ መጣ። ጀልባዬን ያውቃታል። አማቴ የያዙትን ጣሳ አየና ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ በእንግሊዝኛ ይሄን አሉሚኒየም ላይ እንዳትቀባ፣ ጀልባህን ይበሳታል አለኝ።

"ምን አለ?" ብለው አማቴ ወደኔ ዞሩ።

ሁለቱ ወዳጆቻቸው አፌን ያያሉ። አማቴ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

"ጥሩ ምርጫ ነው ይላል" አልኩ።

ለማላውቀው ፈረንጅ "ኖ ሰር፣ ይሄ አይሆንህም" ብዬ በቀን አሥር ጊዜ እናገራለሁ። ከረባት ያሰረ ኮንትራክተር "አንተ ምን ታውቃለህ" ብሎኝ "ያንተን ባላውቅም ቀለም አውቃለሁ" ብዬ መልሼለታለሁ። ለአንድ ትኬት ተቀባይ አዛውንት ግን ምላሴ ታሰረ። ይሉኝታ ይሉታል። ያሳደጉን ሰዎች በታላቅ ፊት አፍህን ያዝ ብለው አስተማሩን፤ ታላቁ ወደ ገደል ሲሄድ ምን እንደምናደርግ ግን አልነገሩንም። እሺ፣ በሰው ፊት ሽማግሌ አይታረምም፤ አማት ደግሞ ጭራሽ። ብቻቸውን ሳገኛቸውስ? ሥራ ስጨርስ በኔ መኪና ነው አብረን ወደ ቤት የሄድነው። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጣሳዎቹ ከኋላ ወንበር ሥር ይንኳኳሉ። ስለ ምን አወራን? ስለ አየሩ። ዘንድሮ ብርዱ ቶሎ ወጣ ተባባልን።

በሚያዝያ ማሪናው ግቢ ውስጥ ጀልባዋን ገልብጠን ቀባናት። ቀባናት የምለው ለወጉ ነው። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ እቀባለሁ፤ እሳቸው ካፖርታቸውን ደርበው፣ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው "እዚያ ጋ ሳሳ"፣ "ድገመው" ይላሉ። ወዳጆቻቸው በትሪ የጾም ሳምቡሳ ይዘው መጥተው ዙሪያውን እየዞሩ ያደንቃሉ። "አሁን ገና መርከብ ሆነች" አለ አንዱ። ቢጫው የፕራይመር ጣሳ ከመኪናዬ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር። ዕረፍት ባለኝ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብቻዬን መጥቼ፣ ፕራይመሩን ከሥር ቀብቼ፣ ቀዩን በላዩ ማስኬድ እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም ነበር። ፍቱን ባይሆንም ጉዳቱን ይቀንሰው ነበር። አስቤበታለሁ። መጥቼም ጀልባዋ አጠገብ ቆሜያለሁ። የዕቃ መጫኛውን ክዳን ሳልከፍት ተመለስኩ።

ለምን እንደተመለስኩ ልንገራችሁ፤ ጉዱን ሸፋፍኜ ምን እጠቀማለሁ። እንድትበላ ፈልጌ ነበር። ቀለሙ ይብላት፣ ካፒቴን ይፈሩ፣ ሰዉ ሁሉ ይይ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቁም ብዬ ነው። ለሁለት ዓመት ስውጠው የከረምኩት "እሺ አባባ" ሆዴ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ሰው ሲያየኝ አማቱን የሚያከብር፣ ጨዋ፣ የተባረከ ልጅ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቶች ለልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉኝ ነበር። ምሳሌ!

በዚያው ዓመት መከር ላይ ጀልባዋን ከውኃ አወጣኋት። ብቻዬን ነበርኩ። ቀለሙ በየቦታው ተነፋፍቶ ነበር። አንዱን በጥፍሬ ስጭረው ፈነዳና ነጭ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ የመርፌ ራስ የሚያህል ጎድጓዳ አየሁ። ቆጠርኩ፤ ስድስት ሰባት ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት። ቤት ስገባ አማቴ ዜና እያዩ ነበር፤ ትንሿ ልጄ እንደ አቅሟ እየተረጎመችላቸው።

"እንዴት ናት?" አሉኝ።

"ደህና ናት።"

ሆድ ይፍጀው አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ዝምታማ ይነቅዛል፤ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። በሚቀጥለው ሚያዝያ እንደገና ማሪናው ግቢ ወረድኩ። የተነፋፋውን ፍቄ፣ ጎድጓዳውን በማጣበቂያ ሞልቼ፣ እዚያው ቀይ ቀለም ላይ ቀይ ቀለም ደገምኩበት። አማቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው "ጎበዝ" አሉኝ።

ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከአያቷ ጋር ጀልባ ላይ ካልወጣሁ ብላ ክረምቱን ሙሉ ስትነዘንዝ ከረመች። እናቷ ውኃ ትፈራለች፤ እምቢ ብላ ቆየችና በነሐሴ አንድ ቅዳሜ "አባባ አብረው ካሉ ይሁን" አለች። አባቷ ካለ አላለችም፤ አባባ ካሉ ነው ያለችው። ይህም አናደደኝ። ልጅቷን ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አልብሼ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጥብቄ፣ አንስቼ መሀለኛው መቀመጫ ላይ አስቀመጥኳት። ጠዋቱ ፀጥ ያለ ነበር። ከማሪናው ወጥተን ወደ ወንዙ መሀል ሄድን። ፐርች የሚሉትን አንድ ባለ ቅርፊት ዓሣ ያዝን፤ አማቴ ቅርፊቱን ለልጅ ልጃቸው እያሳዩ ይህ የተፈቀደ ነው ብለው አስተማሯት።

"ዳዲ፣ ጫማዬ ዌት ሆነ" አለችኝ።

"ዓሣው ነው የረጨሽ" አልኳት።

"ኖ። ከታች ነው።"

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከመቀመጫዋ ሥር፣ ከወለሉ መጋጠሚያ፣ እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ሽቅብ ይተፋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ አለ። ሦስተኛውን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም፤ የመጀመሪያው ክር ገመድ አክሎ ነበር። ውኃው ወለሉን ሸፈነው። ማሪናው ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል።

አማቴ አንድ ትዕዛዝ አልሰጡም። ልጅቷን ብድግ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ኮታቸውን አወለቁ፤ ጠቅልለው ቀዳዳው ላይ ጫኑትና በእግራቸው ረገጡት። በአንድ እጃቸው ልጅቷን አቅፈው በሌላው በባልዲ ውኃ ይቀዳሉ፣ ይደፋሉ። እኔ ሞተሩን ጠምዝዤ ወደ ማሪናው ነዳሁ። ሙሉ ኃይል ስሰጠው አፍንጫዋ ይነሳና ውኃው ወደኔ ይመጣል፤ ስቀንስ መንገዱ አያልቅም። ልጅቷ አላለቀሰችም። አያቷ በጆሮዋ የሆነ ነገር እያሉ ነበር፤ በኋላ ስጠይቃት መቁጠር ነበር፤ በአማርኛ እስከ መቶ ያስቆጥሯት ነበር። ማሪናው ስንደርስ ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነበር። እኔ ዘልዬ ወርጄ ልጅቷን ተቀበልኩና የእንጨት መተላለፊያው ላይ ተቀመጥኩ።

የማሪናው ሠራተኞች ጀልባዋን አውጥተው ግቢው ውስጥ ገለበጡልን። ልጅቷ በፎጣ ተጠቅልላ ራቅ ያለ አግዳሚ ላይ ብስኩት ትበላለች። አማቴ ኮታቸው እየተንጠባጠበ በክንዳቸው ይዘው፣ ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ። ቀዩ ቀለም ተነፋፍቶ፣ ተልጦ፣ ከሥሩ ነጭ ሆኗል። የመኪናዬን ቁልፍ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። በቁልፉ ጫፍ አንዱን ነጭ ቦታ ገፋ አደረጉት። ቁልፉ አለፈ።

ያኔ ጮህኩ። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ጩኸት ነበር።

"መዳብ ነው! መዳብ አሉሚኒየም ይበላል! ጣሳው ላይ ተጽፏል! የመርከብ ሆድ ቀይ ነው፣ ምፅዋ ቀይ ነው፣ ይላሉ! ይቺ መርከብ ናት? እኔ ቀለም ሻጭ ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ? አንድ ቀን ማን ጠየቀኝ?"

ሠራተኞቹ ዞር ብለው አዩን። አማቴ አልተቆጡም። ቁልፌን በመሐረባቸው ጠርገው መለሱልኝ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"እንደሚበላት።"

መዋሸት እችል ነበር፤ ድፍረቱም ልምዱም ነበረኝ። ግን ገና እየጮህኩ ስለነበር እውነቱ አመለጠኝ። "ከመቀባታችን በፊት ነዋ!" አልኩ።

"ያ ነጭ ሽማግሌ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ" አሉ። "ምን አለ ብዬ ጠየቅሁህ። አንተ ጥሩ ነው ስትለኝ፣ የፈረንጆቹ ራስ መነቅነቅ ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ያንተን ቃል ያዝኩ።"

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። እግሮቿን እያወዛወዘች ብስኩቷን ትበላለች።

"ዛሬ ጠዋት እሷን ስታሳፍራትም ታውቅ ነበር?"

የመለሱልኝን ቁልፍ በእጄ አገላበጥኩ። እሳቸው ሄደው ልጅቷን አቅፈው መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። ልጄን መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ወዳጆቻቸው እንኳን ተረፋችሁ ሊሉ ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ሌሊቱን አልተኛችም። ሳሎን ውስጥ፣ በእንግዶቹ ፊት፣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"አንድ ነገር ይገባኝ" አለች። "ያንን ፔይንት ቾይዝ ያደረገው ማን ነው?"

እኔ ሶፋው ጠርዝ ላይ ነበርኩ። አሁን ይነግሯታል ብዬ ወለሉን አየሁ።

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ። "ባልሽ ይሄ ለአሉሚኒየም አይሆንም ብሎኝ ነበር። ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። እኔ ቀና አላልኩም።

"ካፒቴን፣ እርስዎማ በባሕር ላይ..." ብሎ ጀመረ አንዱ ወዳጃቸው ሊያቃልለው።

"ካፒቴን አይደለሁም" አሉት። "ምፅዋ ላይ የስንቅ መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። መርከብ ላይ የምወጣው ዕቃ ላስረክብ ነው፤ አስረክቤ እወርዳለሁ። ስለ ቀለም የማውቀው የለም። ስለ ጀልባም የለም።"

ወዳጆቻቸው የሚያዩበት ጠፋቸው። ባለቤቴ ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ በአባቷ አፈረች። የቀራቸውን አንድ ክብር፣ እኔ የሰጠኋቸውን የውሸት ክብር፣ በሰው ፊት አውልቀው እኔን ሸፈኑበት። አንድም ጊዜ ወደኔ አላዩም። እኔም ያኔ ብድግ ብዬ "ውሸት ነው፣ አልነገርኳቸውም" ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። "ይቅርታ፣ በአንተ ነበር የፈረድኩት" አለችኝ በጆሮዬ። እኔም እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም ካፒቴን ብሎ የጠራቸው የለም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚከቧቸው ሰዎች እየቀነሱ ሄዱ። ጀልባዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሰጠኋት። አማቴ ሲሞቱ ሰው ሁሉ በሐዘን እያለቀስኩ የቀበርኳቸው መሰለው፤ እኔ ግን በንዴት ነው ያለቀስኩት። ቢሰድቡኝ እሰድባቸው ነበር። ቢከሱኝ እከራከራቸው ነበር። ያንን ደግነት ግን የት ላድርሰው? ማን ሸፍኑኝ አላቸው? እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ንዴቱ ዞሮ የት እንደሚያርፍ አውቀዋለሁ።

ልጄ አሁን የራሷ ቤት አላት። ባለቤቴ ያንን ቅዳሜ ስትተርክላት "አባትሽ አይሆንም ብሎ ነበር፤ አያትሽ ናቸው በግትርነታቸው እምቢ ያሉት፤ ነፍሳቸውን ይማርና" ትላለች። ስንት ዓመት እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ። ዛሬ ይህን ጽፌ እዚህ ስደርስ ተነሥቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አጠገቧ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝና "ምን ፈለግህ?" አለችኝ።

"ውኃ" አልኳት።